ጨዋታውና ዐቃቤ ሰዓቱ

«ተጫዋችን ማቆየት» በኢንተርኔት ጨዋታ ሠሪዎች ዘንድ የታወቀ የሙያ ቃል ሲሆን፣ አንድን ጨዋታ ዛሬ ከከፈቱት ሰዎች መካከል ስንቶቹ በማግስቱ፣ ስንቶቹ በሰባተኛው፣ ስንቶቹ ደግሞ በሠላሳኛው ቀን ተመልሰው እንደከፈቱት የሚቆጠርበት ልክ ነው። የሚከተለው ምልልስ ይህ ልክ ለዘመኑም ለቀድሞውም ጨዋታ ይበጅ እንደሆነ ይመረምራል። ተነጋጋሪዎቹ ሁለት ናቸው፤ አንደኛው በሐይቅ ከተማ ለብዙ ዓመታት ታሪክ አስተምረው በጡረታ ላይ የሚገኙ መምህር፣ ሁለተኛው ቀድሞ ተማሪያቸው የነበረና ዛሬ በአዲስ አበባ የስልክ ጨዋታ የሚሠራ ባለሙያ ነው። የሚነጋገሩት በሐይቁ ዳር፣ የእስጢፋኖስ ገዳም ያረፈበት ልሳነ ምድር ከሚታይበት ስፍራ ተቀምጠው ነው።

ጌም ሠሪው፦ በቁጥር ከተሄደ፣ ጋሼ፣ ክርክሩ ገና ሳይጀመር ያለቀ ይመስላል። ሰንጠረዥ የተባለውን የአገር ቼዝ የሚያውቅ ሰው ፈልጎ ማግኘት አስቸጋሪ ሆኗል፤ ገበጣም ከደጅ እየራቀ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ፐብጂ ሞባይል ግን በየከተማው ወጣቱን ከማታ እስከ ንጋት አስቀምጦ ሲያሳድረው ይታያል። ተጫዋችን በማቆየት ረገድ የዘመኑ ጨዋታ የቀድሞውን በልጦታል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

መምህሩ፦ ገበጣ በመቶ ዓመታት የሚቆጠር ዕድሜ ያለው ጨዋታ ነው፤ ፐብጂ ደግሞ ገና ትናንት ነው የተወለደ፤ ታዲያ ማን ማንን በለጠ ይባላል? ቃሉም ራሱ ሁለት ነገር በአንድ ከረጢት የከተተ ቃል ነው። አንዱ ሰው ከተቀመጠበት እንዳይነሣ ማድረግ ነው፤ ሌላው ተነሥቶ ከሄደ በኋላ በዓመቱም ይሁን በዐሥር ዓመቱ ጨዋታውን ሳይረሳና ሳይጠላ እንዲመለስ ማድረግ ነው። ገናን ተመልከት። ታኅሣሥ 29 ሲደርስ ቆልማማው ዱላ ይወጣል፣ ሩሯ ሜዳ ላይ ትጣላለች፣ ጌታ በሎሌው እንዳይቆጣ ልማዱ ያስገድደዋል፤ በዓሉ ሲያልፍ ዱላው ወደ ጓዳ ይመለሳልና ማንም ስለ ሩር አያነሣም። በእናንተ ልክ ሲሰፈር በማግስቱ የተመለሰ ተጫዋች ዜሮ፣ በሰባተኛው ቀን ዜሮ፣ በሠላሳኛውም ዜሮ ነው፤ እንዲህ ያለ ውጤት ያመጣ ጨዋታ በእናንተ ቢሮ በሳምንቱ የሚዘጋ ይመስላል። በዓመቱ ግን ሜዳው ይሞላል።

ጌም ሠሪው፦ በሳምንቱ ይዘጋል፤ በዚህ ላይ ክርክር የለም። ሆኖም የዘመኑ ጨዋታም ወቅት የሚያውቅ መሆኑ መረሳት የለበትም። «ሲዝን» የሚባለው የጨዋታ ዘመን በየጥቂት ሳምንቱ ወይም በየጥቂት ወሩ ይታደሳል፤ ከእርሱም ጋር «ባትል ፓስ» የሚሉት አለ፤ ይኸውም ተጫዋቹ በሲዝኑ ውስጥ የተሰጡትን ሥራዎች እየፈጸመ በደረጃ በደረጃ ሽልማት የሚሰበስብበት፣ ብዙ ጊዜም በክፍያ የሚከፈት መሰላል ነው። ሐሳቡ እ.ኤ.አ. በ2013 በዶታ 2 ታየ፤ ከ2017 መጨረሻ ወዲህ ደግሞ በፎርትናይት አማካይነት በዓለም ተሰራጨ።

መምህሩ፦ በዘንድሮው ገና የታመመ ልጅ ምን ይቀርበታል?

ጌም ሠሪው፦ የዘንድሮው ጨዋታ ብቻ ነዋ።

መምህሩ፦ በዘንድሮው ሲዝን የታመመውስ?

ጌም ሠሪው፦ የሲዝኑ ልብስና መሣሪያ ያመልጠዋል፤ አንዳንዱም ዳግመኛ አይገኝም፤ ከፍሎበት ከሆነ ገንዘቡም ይባክናል። ሠሪዎች ይህን የመቅረት ስጋት ይሉታል፤ ሰው ወደ ጨዋታው የሚመለሰው መጫወት ስላማረው ብቻ ሳይሆን ባይመለስ የሚያጣው ነገር ስላለ እንዲሆን የሚደረግበት ዘዴ ነው። የዕለት ስጦታም የዚሁ ወገን ነው፤ ተጫዋቹ ሰኞ ሲገባ ትንሽ ይሰጠዋል፣ ማክሰኞ ጥቂት ይጨመርለታል፣ እስከ ሰባተኛው ቀን እየከበደ ይሄዳል፤ ረቡዕ ላይ አንድ ቀን ቢያልፈው ግን በብዙ ጨዋታዎች ቆጠራው ከአንድ ይጀምራል።

መምህሩ፦ ሰኞ ማክሰኞ! የሚያስቀው ነገር እዚህ አገርም የሳምንቱን ቀናት ስም የተሸከመ ጨዋታ መኖሩ ነው። ልጆች መሬት ላይ ሳጥን ሳጥን ሥለው፣ ጠጠር ጥለው፣ በአንድ እግር እየዘለሉ ከሰኞ ተነሥተው ሳምንቱን ይጨርሳሉ። ሳምንቱን የምትጨርሰው ልጅ ግን በአንድ ከሰዓት በኋላ ነው የምትጨርሰው፤ መስመር ብትረግጥ ተራዋን ታስረክባለች እንጂ ለሰባት ቀን የሚያስጠብቃት የለም። እናንተ ጠጠሩን ከልጅቱ እጅ ወስዳችሁ የቀን መቁጠሪያው ላይ ጣላችሁት።

ጌም ሠሪው፦ ነገሩን ከክፋት አንጻር ብቻ ማየት ትክክል አይሆንም፤ የሚፈታው ተጫዋቹ ለምንና መቼ እንደሚከፍል ሲታይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980 የወጣው ፓክማን በሳንቲም በሚሠራ ማሽን ላይ የሚጫወቱት ስለነበር፣ የማሽኑ ባለቤት የሚጠቀመው ተጫዋቹ በጥቂት ደቂቃ ተሸንፎ ሌላ ሳንቲም ሲከት ወይም ለተረኛ ሲለቅ ነበር፤ እንዲህ ያለው ጨዋታ ሥራው ሰውን ማስነሣት ነበር ማለት ይቻላል። የእኛው ጆተኒም በዚሁ ሂሳብ ይሄዳል፤ ኳሶቹ ሲያልቁ ጨዋታው ያልቃል፣ የተሸነፈ ይከፍላል፣ ከጀርባ ደግሞ «ተራ የእኔ ነው» የሚል ቆሟል። በሲዲ ተሸጦ የሚያልቀው ጨዋታ ሲመጣ ገንዘቡ በግዢው ቀን ስለሚከፈል፣ ገዢው አንድ ሰዓት ተጫወተው አንድ ዓመት ለሠሪው ብዙም ለውጥ አልነበረውም። እ.ኤ.አ. በ1997 ከኖኪያ 6110 ጋር የመጣውን የእባብ ጨዋታ ማን ስንት ሰዓት እንደተጫወተው ኩባንያው የሚያውቅበት መንገድ አልነበረም፤ እባቡ ጭራውን ሲነክስ ጨዋታው አበቃ። በ2004 የወጣው ዎርልድ ኦፍ ዋርክራፍት በየወሩ የሚከፈልበት ነበርና ሠሪው ወርን ማሰብ ጀመረ። ዛሬ ግን ጨዋታው በነጻ ይወርዳል፤ ከሚጫወተው ሕዝብ የሚከፍለው ጥቂቱ ነው፤ ያም ጥቂት ሰው መቼ ኪሱን እንደሚፈታ ስለማይታወቅ፣ ሁሉም በየቀኑ ከደጃፉ እንዲገኝ ይፈለጋል።

መምህሩ፦ ጠላ ቤት የሚቀርብ ቆሎ ማለት ነው። ቆሎው በነጻ ነው፤ የሚያስጠማውም እርሱ ነው።

ጌም ሠሪው፦ ምሳሌው ቢያሳፍርም ልክ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 በፌስቡክ ላይ የወጣው ፋርምቪል የዚህ ስሌት ፈር ቀዳጅ ከሚባሉት ነው። ተጫዋቹ በስክሪኑ ላይ እርሻ ይሰጠውና ይዘራ ነበር፤ እንጆሪው በ4 ሰዓት ውስጥ ይደርስ ነበር፤ በጊዜው ተመልሶ ካልሰበሰበው ይጠወልግበት ነበር። ሰዎች ሌሊት እየተነሡ ያልተተከለ እንጆሪ ይሰበስቡ ነበር።

መምህሩ፦ የአምባሰል ገበሬ ይህን ቢሰማ በሳቅ ይሞታል። ማሽላውን ዘርቶ ወራት ይጠብቃል፤ ሲያሽት ልጁን ማማ ላይ አውጥቶ በወንጭፍ ወፍ ያስጠብቃል፤ ያም ሆኖ ማታ ወፉ ሲያድር ልጁም ከማማው ይወርዳል። ፋርምቪል ከእርሻ የወሰደው ጭንቀቱን ብቻ ነው፤ ማታውን አልወሰደም።

ጌም ሠሪው፦ በአንጻሩ ሠሪዎች ሰው እንዲያርፍ የሞከሩበት ጊዜም አለ። ዎርልድ ኦፍ ዋርክራፍት ከመውጣቱ በፊት ሲሞከር፣ ብዙ ሰዓት የተጫወተ ሰው ከሚገድላቸው ጭራቆች የሚያገኘው ነጥብ እየቀነሰ እንዲሄድ ተደርጎ ነበር፤ ዓላማውም ድካም ሳይጥለው እንዲነሣ ነበር። ሞካሪዎቹ ተቆጡ። ሠሪዎቹም ስሌቱን ገልብጠው፣ ዝቅተኛውን ነጥብ መደበኛ አደረጉትና፣ ከጨዋታው ወጥቶ ላረፈ ሰው ለተወሰነ ጊዜ እጥፍ እንዲታሰብለት ወሰኑ። ቁጥሩ ከሞላ ጎደል ያው ሆኖ ሳለ፣ ቅጣት ሲባል የተጠላው ምርቃት ሲባል ተወደደ።

መምህሩ፦ ይህ ብልሃት ነው፤ ሐሰትም የለበትም። ያ ጨዋታ ሰውን ያቆየው ግን በምርቃቱ ነው?

ጌም ሠሪው፦ አይደለም፤ በሰው ነው። በመስመር ላይ የሚጫወቱት ጨዋታ ሥሩ ረጅም ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1978 በእንግሊዝ አገር በኤሴክስ ዩኒቨርሲቲ ሮይ ትሩብሾና ሪቻርድ ባርትል መድ የተባለውን፣ ሥዕል የሌለው በጽሑፍ ብቻ የሚካሄድ ጨዋታ ሠርተው ብዙ ሰዎች በአንድ ምናባዊ ዓለም ውስጥ እንዲገናኙ አደረጉ። ባርትልም በኋላ በ1996 ባሳተመው ጽሑፍ ተጫዋቾችን በአራት ከፈላቸው፦ ደረጃ የሚያሳድዱ፣ ዓለሙን የሚያስሱ፣ ሰው ሊያገኙ የሚመጡና ሌላውን ሊረቱ የሚመጡ። በዎርልድ ኦፍ ዋርክራፍት መጀመሪያ ዘመን ትልቁን ዘመቻ ለመዝመት 40 ሰው በአንድ ሰዓት መገኘት ነበረበት፤ አንዱ ቢቀር 39ኙ ስሙን ጠርተው ይጠይቃሉ። ከ12 ሚሊዮን በላይ ወርኃዊ ከፋይ በነበረው በ2010 አካባቢም ብዙዎቹን ያሰረው ይህ ገመድ ነበር።

መምህሩ፦ ደቦ ነው በለው። ደቦ የቀረ ሰው የሚቀርበት ስጦታ የለም፤ የሚቀርበት ጎረቤት ነው። ስጋቱ አለ፣ ግን ስጋቱ የሚመለከተው በስም የሚታወቅ ሰውን ነው፤ ሐዘን ደርሶበት ቢቀር ደግሞ ያ ጎረቤት ራሱ ሊያስተዛዝነው ይመጣል።

ጌም ሠሪው፦ ገመዱም የላላው በሠሪዎቹ እጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 መጨረሻ ጨዋታው የማይተዋወቁ ሰዎችን ራሱ አሰባስቦ የሚያዘምት መሣሪያ ጨመረ፤ መጠበቅ ቀረ፣ መለማመጥም ቀረ፤ ሰዎቹ አብረው ዘምተው ስም ሳይለዋወጡ ይበታተኑ ጀመር። ዛሬ በፐብጂም በፍሪ ፋየርም ተጫዋቹን ከማያውቃቸው ጋር በሰከንዶች ውስጥ የሚያገናኘው ይኸው ዓይነት አሠራር ነው። የዎርልድ ኦፍ ዋርክራፍት ኩባንያ በ2019 የጨዋታውን አሮጌ መልክ እንደገና ሲያወጣ ብዙ ሰው የተመለሰው፣ አድካሚ የነበረውን መጠባበቅ ሳይቀር ናፍቆ ነው።

መምህሩ፦ እንግዲህ ቅድም አሮጌውን በለጠው ያልከው አዲስ ጨዋታ፣ ራሱ አሮጌ ሆኖ ሲመለስ ተወደደ ማለት ነው።

ጌም ሠሪው፦ ቢሆንም የቀድሞውን ጨዋታ ንጹሕ አድርጎ መሣል ደግ አይደለም። በኮንከር ካርታና በከረንቡላ ደመወዙን አስይዞ ባዶ እጁን የገባ የቤት አባወራ በየከተማው የታወቀ ነው፤ ያን ሰው ከጠረጴዛው ያላስነሣው ሰርቨር አልነበረም።

መምህሩ፦ ይህ እውነት ነው፤ ሊሸፈንም አይገባውም። ቁማር ጥንትም ዛሬም ቁማር ነው። ልብ በል እንጂ፣ ያን አባወራ ያሰረው ካርታው ሳይሆን የተያዘው ገንዘብ ነበር፤ ገንዘቡ ከጠረጴዛው ቢነሣ ሌሊቱን ሙሉ የሚቀመጥ አይገኝም ነበር። የእናንተ ሰዎች ገንዘቡን ከጠረጴዛው ወደ ጨዋታው ሆድ አስገቡት፤ ምን እንዳለበት ሳይታወቅ የሚገዛውን ሣጥን ለዚህ ነው የሠራችሁት።

ጌም ሠሪው፦ ቤልጅየም እ.ኤ.አ. በ2018 ያንን ሣጥን በአንዳንድ ጨዋታዎች ውስጥ መርምራ ቁማር ነው ብላዋለች። ዘዴው ከሥነ ልቦና የተወሰደ ነው፤ አሜሪካዊው ስኪነር በርግቦች ላይ ባደረገው ጥናት፣ እህል መቼ እንደሚወጣ የማታውቅ ርግብ በየጊዜው ከምታገኘው ይልቅ ቁልፉን ሳትታክት ስትነካ ታይታለች።

መምህሩ፦ ርግቧን ትተን ወደ ገበጣው ጠጠር እንመለስ፤ ልዩነቱ ጎልቶ የሚታየው እዚያ ነው። ስድስት ስድስት ጉድጓድ በሁለት ረድፍ ይቆፈርና በየጉድጓዱ አራት አራት ጠጠር ይጣልበታል፤ 48 ጠጠር። ባለተራው የአንዱን ጉድጓድ ጠጠር አፍሶ በቀጣዮቹ ላይ አንድ አንድ እያለ ያድላል፤ የመጨረሻዋ ጠጠር ጠጠር ካለበት ካረፈች አፍሶ ይቀጥላል፣ ባዶ ላይ ከወደቀች ተራው ያልፋል። እንግዲህ ይህን አስተውል፦ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በሰሌዳው ላይ የሚጨመር አንድ ጠጠር የለም። በተበላ ቁጥር ሰሌዳው ይሳሳል፣ ጨዋታው በራሱ ጉልበት ወደ ማብቂያው ይንደረደራል፤ አሸናፊውም ተሸናፊውም መጨረሻው ሲመጣ በዓይናቸው ያዩታል። ሰንጠረዥም እንዲሁ ነው። ሲጀመር «ወረራ» ይባላል፤ ሁለቱም ወገን ተራ ሳይጠብቁ፣ የተቃራኒን አሰላለፍ በዓይናቸው እየሰረቁ፣ እጃቸው እስኪጋጭ ድረስ መደቁንም ፈረሱንም በፍጥነት ያንቀሳቅሳሉ፤ ዐፄ ልብነ ድንግል ሰንጠረዥ ይጫወቱ እንደነበር ሲነገር፣ ንጉሡን በዚያ ጥድፊያ ውስጥ ማሰብ ደስ ይላል። የመጀመሪያው ጠጠር ሲበላ ወረራው ይቆምና ሁሉም በተራ ይሆናል። አረታቱም ክብር ነበረው፤ በኃይለኛው ደር ከመርታት ይልቅ በእግረኛው መደቅ መርታት ይደነቅ ነበር። ብቻውን የቀረ ንጉሥም አይረታም ነበር። ጨዋታው የት ላይ መቆም እንዳለበት ደንቡ ውስጥ ተጽፏል።

ጌም ሠሪው፦ በዛሬው ጨዋታ በየጊዜው 49ኛው፣ 50ኛው ጠጠር ይጨመራል፤ በሙያው «አዲስ ይዘት» ይባላል። ሰሌዳው እንዳይሳሳ የሚቀጠር ሰው አለ።

መምህሩ፦ እዚህ ላይ ከፊታችን ያለው ገዳም አንድ ቃል ያበድረናል። አባ ኢየሱስ ሞዐ በ13ኛው መቶ ዘመን ሐይቅ እስጢፋኖስን የትምህርት ማዕከል ካደረጉት በኋላ፣ እነ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም ከተማሩበት በኋላ፣ የገዳሙ አለቃ በቤተ መንግሥቱ «ዐቃቤ ሰዓት» የሚል ማዕረግ ነበረው። ትርጉሙ የሰዓት ጠባቂ ነው። ከንጉሡ ጋር ማን መቼ እንደሚገናኝ በእርሱ እጅ የሚያልፍ ነበርና ሥልጣኑ ከባድ ነበር፤ በዐፄ ዘርአ ያዕቆብ ዘመን የነበሩት ዐቃቤ ሰዓት አምኃ ጽዮን ከመንግሥቱ ታላላቅ ሰዎች አንዱ ነበሩ። የቀድሞው ጨዋታ ዐቃቤ ሰዓቱ ሁልጊዜ ከጨዋታው ውጭ ነበር፤ በዓሉ ነው፣ ጾሙ ነው፣ የምትጣራዋ እናት ነች፣ የጨለመው ደጅ ነው፣ የጆተኒው ተረኛ ነው። የዛሬው ጨዋታ ሹመቱን ለራሱ ወስዶታል። ስልኩን «ተነሥ» ብሎ የሚያስጮኸውም፣ ሣጥኑ በስንት ሰዓት እንደሚከፈት የሚቆጥረውም እርሱ ነው። ተጫዋቹ ንጉሥ ቢመስልም፣ ለምን እንደተጠራ የሚነገረው ከገባ በኋላ ነው።

ጌም ሠሪው፦ መንግሥታት ማዕረጉን ለማስመለስ ሞክረዋል። ደቡብ ኮሪያ እ.ኤ.አ. በ2011 ዕድሜያቸው ከ16 በታች የሆኑ ልጆች ከእኩለ ሌሊት እስከ ንጋት 12 ሰዓት በኢንተርኔት እንዳይጫወቱ ከልክላ ነበር፤ ልጆቹ በወላጅ ስም እየገቡ ሲጫወቱ ዐሥር ዓመት ቆይታ ሕጉን ለመሻር ወሰነች። ቻይና በዚያው በ2021 ከ18 በታች ለሆኑት ዓርብ፣ ቅዳሜ፣ እሑድና በበዓላት ቀን ከምሽቱ 2 እስከ 3 ሰዓት አንዲት ሰዓት ብቻ ፈቀደች። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2019 ጨዋታን መቆጣጠር ያቃተው ሰው የሚገኝበትን ሁኔታ በሕመሞች መዝገብ ውስጥ አስገብቶታል።

መምህሩ፦ አዋጅ እናትን አይተካም፤ ቢሆንም ከምንም ይሻላል። እዚህ ደግሞ አንድ ጊዜ ሰዓቱን የያዘው ከሁሉም ውጭ የሆነ ነገር ነበር። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ወዲህ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ቆየ። ዳማ በቆርኪ የሚጫወት ሰው መረብ አያስፈልገውም፤ ያ ጨዋታ ምንም ሳይጎድለው ዋለ። ያ ወቅት ለብዙዎች ከጨዋታ እጅግ የከበደ ነገር የነበረበት ስለሆነ ለምሳሌ ማንሣቱ ራሱ ቀለል ያለ ይመስላል፤ ነገር ግን በእናንተ መዝገብ እንዴት ተጻፈ?

ጌም ሠሪው፦ ሰርቨሩ የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ አልመጣም። ታመመ፣ ተሰደደ፣ መረብ ተቋረጠበት የሚል ዓምድ በመዝገቡ የለም። ከሠላሳ ቀን በላይ ያልታየ ሰው «የጠፋ ተጫዋች» ከሚባለው ረድፍ ይገባል፤ ሲመለስ የቀናት ቆጠራው ዜሮ ሆኖ ያገኘዋል፤ ማመስገኛ ይሁን ማባበያ፣ የመመለሻ ስጦታም ይቀርብለታል።

መምህሩ፦ ቅኔ ጌምስ የተባለው የአዲስ አበባ ድርጅት ገበጣን በስልክ እንዲጫወቱት አድርጓል ይባላል። አንተም የምትሠራው ገበጣ ከሆነ፣ 49ኛዋ ጠጠር አለችበት?

ጌም ሠሪው፦ እስካሁን የለችበትም። ገንዘብ ሊያወጡ የመጡት ሰዎች ግን የጠየቁት የመጀመሪያ ጥያቄ፣ በሰባተኛው ቀን ስንት ሰው ይመለሳል የሚል ነው። የዕለት ስጦታ ባይኖረው የሚል ሐሳብ ቀርቦላቸዋል፤ ለአንድ ገበታ እንደ ጆተኒ ጥቂት ሳንቲም ይከፈል፣ ገበታው ሲያልቅ ስልኩ ዝም ይበል፣ በሰኔ ትቶት የሄደ ሰው በመስከረም ሲመለስ ጠጠሩ ባለበት ይጠብቀው የሚል ነው። መልስ ገና አልመጣም፤ በዚህ አሠራር የሰባተኛው ቀን ቁጥር ዝቅ እንደሚል ሁሉም ያውቃል።

መምህሩ፦ የመሬቱ ገበጣማ እንደዚያ አይጠብቅም። ክረምቱ ጉድጓዱን በደለል ይሞላዋል፣ ጠጠሩም በጎርፍ ይሄዳል። ልጆቹ በመስከረም አዲስ ይቆፍራሉ፤ አንዳንዴም በአንዱ ወገን አምስት ጉድጓድ ብቻ ቆፍረው ጨዋታውን ይጀምሩና መሐል ላይ ይጣላሉ።

ጌም ሠሪው፦ ታዲያ ማን ይዳኛቸዋል?

መምህሩ፦ ማንም። ስድስተኛውን ቆፍረው ጠጠሩን እንደገና ይቆጥሩታል።